እማዬ ኳርተርባኩን የተቆጣችበት እሁድ

ግሪን ቤይ፣ አሜሪካ

ውድ እህቴ ማርሊስ፣

አምላክ በጃፓን ምድር ይጠብቅሽ፤ ደግ ሰው ያጋጥምሽ። ምርቃቱ የእማዬ ነው፤ አባዬ ከሞተ ወዲህ ብዕር አልጨብጥ ስላለች እኔ እጽፍልሻለሁ። ሹራብ ሳትደርቢ እንዳትወጪም ብላለች።

የአሜሪካ ፉትቦል ቡድናችን ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ ሁለቱን አሸንፏል። ተከላካዮቻችን ግንብ ናቸው። ኳስ ወርዋሪው ኳርተርባካችን ግን ኳሷን ቶሎ አይለቅም፤ አቅፏት ሲቆም ተጋጣሚዎቹ ይጥሉታል። ግምገማው የእኔ አይደለም፣ የእማዬ ነው!

«ያለ አባታችሁ ምን ያደርግልኛል?» ብላ አባዬ በየዓመቱ ይከፍልባቸው የነበሩትን የስታዲየም ወንበሮቻችንን ልትመልስ እንደነበር ታውቂያለሽ። እሁድ ጠዋት ግን ከጨዋታ በፊት በስታዲየሙ ደጅ ከአባዬ ጋር ቋሊማ ይጠብስ የነበረው ዱዌን በራችንን አንኳኳ።

«ሎሬን፣ ቋሊማው እያረረብኝ ነው፤ የሚሰድበኝም አጣሁ!»

«አንተ ደግሞ መቼ ጠብሰህ ታውቃለህ? ከሰል አይደል የምታበላን!» አለችው እማዬ፤ ካፖርቷንም አነሳች።

ስታዲየም ገብተን እስከ እረፍት እጆቿን ካፖርቷ ኪስ ከታ ተቀመጠች። እኔም በአባዬ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሜዳውን ትቼ ፊቷን ሳይ ነበር። ከእረፍት በኋላ ኳርተርባኩን እንደገና ሲጥሉት ብድግ አለች።

«ልቀቃት እንጂ አንተ! ኳስ ናት፣ ልጅህ አይደለችም!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ሳቅም እንባም መጣብኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ድምጿ በጩኸት ተዘግቶ ነበር። «ወንበሮቹን አልመልስም» አለች። «እኔ ከቀረሁ ይህን ኳርተርባክ ልጅ ማን ይቆጣዋል?»

እህቴ፣ አደራ፣ ስትደውዪ መጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጠይቂያት። ከዚያ ስለ አባዬ ራሷ ትነግርሻለች።

ጤናና ሰላም ይብዛልሽ።

ወንድምሽ ኤልደን