ሐኪሟ ተናግራ እኔ ያስቀረሁት

ለተከበሩ አያቴ፣

እንደምን ሰነበቱ ብዬ ልጀምር አልኩና አፈርኩ፤ ዛሬ ጠዋት ከአልጋዎ አንሥቼ ቁርስ ያቀበልኩዎ እኔው ነኝ። ቢሆንም ፊደል ሲያስቆጥሩኝ፣ ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ደጅ ሳያንኳኩ እንደ መግባት ነው ብለውኛል። ስለዚህ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን ተሻለዎ? እኔ ከሐዘኑ በቀር ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው ትምህርት ቤት፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። በአንድ ቤት እያለን ወረቀት የመረጥኩት ፊትዎን እያየሁ ልናገረው ሦስት ጊዜ ሞክሬ ስላቃተኝ ነው።

አያቴ፣ ዋሽቼዎታለሁ።

ሽንትዎ ተዘግቶ ቱቦ ከገባልዎ በኋላ፣ ሮቫ ጊሜል በሚባለው ሰፈር ክሊኒክ፣ ወደ ሽንት ሐኪሟ ወደ ዶክተር ያዕል ሄደን ነበር። ሁልጊዜ ከዕብራይስጥ የሚያስተረጉምልዎ ወንድሜ ባር ነበር፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ነገሩ ለእኔ ደረሰ። ዶክተሯ ሩብ ሰዓት ተናገረች። እኔ ክኒኑን ይውጡ፣ ቱቦው ይቆይ አለች ብቻ አልኩዎ። አንቱም ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ስታወርደው ቆይታ አንተ ጋ ሲደርስ ደረቀ ወይ ብለው ሳቁብኝ። ቀጥለው፣ መንበሩ የተደረገለት ዓይነት ቀዶ ሕክምና ለእኔ የለም ወይ አሉ። አቶ መንበሩ፣ እኚያ በምኩራቡ ደጅ ተቀምጠው በአሽዶድ ያለውን መጸዳጃ ቤት ሁሉ ከማዘጋጃ ቤቱ ይልቅ አንቱ ያውቁታል እያሉ የሚያላግጡብዎ ወዳጅዎ። ለአንቱ አይሆንም አለች አልኩ። አላለችም።

አሁን እንዳለችው ልጻፈው። ፕሮስቴት የሚሉት ዕጢ በእርጅና አድጎ የሽንቱን መንገድ አንቆታል፤ ካንሰር አልተገኘበትም። አንዱ ክኒን መንገዱን ያላላል፣ ሌላው ዕጢውን እያሟሸሸ ወራት ይፈጃል፤ የአንቱ ግን በጣም ስላደገ ክኒን ብቻውን ይበቃል ብላ አታምንም። በቱቦው መኖር ይቻላል፤ ነገር ግን በየጊዜው መለወጥ አለበት፣ እንደ ባለፈው ዓይነት ትኩሳትም ያመላልሳል። ሌላው ኒቱአህ ነው፣ ቀዶ ሕክምና። ሆድ አይቀደድም፤ በሽንቱ መንገድ መሣሪያ አስገብተው ያነቀውን ይፍቃሉ፣ ወይም በሌዘር ያነሡታል። ደም ሊፈስ ይችላል፣ ለጥቂት ሳምንታት ያቃጥላል፣ አንዳንዱም ሽንቱን መቆጣጠር ለጊዜው ያቅተዋል። ስለ ባልና ሚስት ነገርም አንድ ነገር ብላለች፤ እሱን አጎቴ ወንዳለ ይንገሩዎ፣ እኔ በወረቀትም አልችልም። ከወገብ በታች ብቻ አደንዝዘው፣ አንቱ ነቅተው እያወሩ ሊሠራ ይችላል ብላለች።

ኒቱአህ የሚለውን ቃል ስሰማ ነው አፌ የተያዘው።

ባር በሞተር ሳይክል የወደቀ ቀን፣ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ወደ እኛ ወጥቶ ሲናገር ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ። እማዬ ከሥራ ገና አልደረሰችም። አንቱ ሽንትዎ አጣድፎዎት መቆም አቅቶዎት ነበር። ቀላል ነው አለ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይወጣል፣ መጸዳጃ ቤት ደርሰው ይምጡ አልኩዎ። ሄዱ። ሲመለሱ ባርን ለኒቱአህ አስገብተውት በሩ ተዘግቶ ነበር፤ በሕይወትም አልወጣ። በሰባቱ የሐዘን ቀን ለመጣው ሰው ሁሉ፣ ሽንቴ ነው ልጄን ሳልመርቀው ያስቀረኝ ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ውሃ ተዉ። እማዬ ብርጭቆ ይዛ ስትለምንዎ፣ ለዚህ ገላ ውሃ አይገባውም አሏት። እኔ እዚያው ማድ ቤት ቆሜ እሰማ ነበር።

ሐኪሙ ቀላል ነው አላለም፣ አያቴ። ያለው ግቡና እዩት፣ አሁኑኑ ግቡ ነው።

ክፉ ወሬ በልጅ አፍ አይነገርም፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው የሚያረዳው ብለው ያሳደጉኝ ራስዎ ነዎት። እኔም ሽማግሌ እስኪመጣ ልጠብቅ ብዬ ነበር። ብቻዬን ገብቼም አላየሁት። ፈራሁ።

ትናንት ከክሊኒኩ ደውለው ያነሣሁት እኔ ነኝ። በደም ምርመራው ኩላሊትዎ ተጎድቷል፤ ዶክተሯ ውሃ ይጠጣሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሐሙስ ቀጠሮ አለዎት፣ የትኛውን እንደመረጡ ከአፍዎ መስማት ትፈልጋለች። እስከዚያ እባክዎ ይጠጡ። ያስቀረዎት ሽንትዎ አይደለም፣ የእኔ ምላስ ነው። ይህን ለእማዬም ሊነግሯት ይችላሉ፤ እኔ አልቻልኩም።

ሐሙስ አጎቴ ወንዳለን ይዘው ቢሄዱ አልቀየምም። እኔን ከወሰዱኝ ግን አንድ ቃል አላስቀርም። ኒቱአህ ካሉ ኒቱአህ እላታለሁ፣ አይሆንም ካሉም አይሆንም። ቀላል ነው ወይ ብለው ግን እኔን አይጠይቁኝ። እሷን ይጠይቋት፤ መልሷን እንዳለ አመጣልዎታለሁ።

የአባቶቻችን አምላክ ያለ ቱቦ ለሰንበት ያቁምዎ፣ ትኩሳቱን ያርቅልዎ፣ ዕድሜዎን ይጨምርልን። እንደ ወትሮው ይመርቁኝ ብዬ መጨረስ አልደፈርኩም።

ጉልበትዎን እስማለሁ፣
የቀረው የልጅ ልጅዎ