እኔ ነኝ ላለ ሁሉ በር አይከፈትም

ለእናቴ፣

ከጉልበትሽ ጋር እንዴት ከረምሽ? መድኃኒትሽን በሰዓቱ ትወስጃለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ትንሽ ሲሻልሽ ታቆሚዋለሽ? እኔ በሕይወት አለሁ። ለሰላምታ ያህል የጻፍኩት እንዳይመስልሽ። ስልኬ ላይ ደውለሽ እንዳጣሽኝ እህቴ ነግራኛለች፤ ቁጥሩን ቀይሬዋለሁ። በስልክ ስናወራ ደግሞ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ዋናው ነገር ሳይነገር ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

የምሠራበትን መጋረጃ ቤት ሳታይው ታውቂዋለሽ፤ በስልክ አንድ በአንድ አስረድቼሻለሁ። ፊት ለፊት ደንበኛ የሚገባበት ባለ መስታወት ሱቅ፣ ከጀርባው እኛ የምንሰፋበት አዳራሽ፣ ከአዳራሹ ቀጥሎ የጨርቅ መጋዘን። እኛ ሠራተኞቹ የምንገባው በመጋዘኑ በኩል ባለው አረንጓዴ የብረት በር ነው፣ እዚያ ዘበኛ የለም ብዬሽ ነበር። በየት ትገቢያለሽ፣ በየት ትወጫለሽ እያልሽ ስትጠይቂኝ የእናት ነገር ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ታዲያ በቅርቡ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታጣቂ ገብቶ ሰው ከገደለ ወዲህ አለቃችን ድንገት ለነፍሳችን አሳቢ ሆነ። ሽንት ቤት ስንቆይ ሰዓት የሚይዝብን ሰውዬ! ኋላ ስንሰማ ኢንሹራንሱ ነው፤ ሠራተኞችህን ካላሠለጠንክ ውል አላድስም ብሎት ኖሯል። አሠልጣኝ ተብሎ የመጣው ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነው፤ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ። ወዲያው ጋሽ ፊሽካ አልነው።

ትምህርቱ አጭር ነው። መውጫ ካለ ሩጡ፣ ዕቃ እንሰብስብ አትበሉ። መውጫ ከሌለ ተደበቁ፤ በሩን ቆልፉ፣ ከባድ ነገር አስደግፉበት፣ መብራት አጥፉ፣ የስልክ ድምፅ ዝጉ፣ ከበሩ ፊት ለፊት አትቀመጡ። ይህም ካልሆነ በእጃችሁ ባለው ነገር ተጋፈጡ። እዚህ ላይ አለቃችን እጁን አወጣ። ለመጋፈጡ አሮጌዎቹን መቀሶች ብትጠቀሙ፣ አዲሶቹ ከውጭ የመጡ ናቸው አለ። እየቀለደ አልነበረም።

ከዚያ ልምምድ ተባለ። ጋሽ ፊሽካ የመጥረጊያ እንጨት እንደ ጠመንጃ ይዞ ፊሽካውን ነፋ። የጀግኖቹን ሩጫ ባየሽ! ገሚሱ ለሽያጭ ከተሰቀለው መጋረጃ ጀርባ ገባ፤ ከሥር ጫማ ብቻ ተደርድሮ ይታያል። ሰውዬው በእንጨቱ ጫማቸውን እየነካካ ሞተሃል፣ ሞተሻል እያለ አለፈ። የጨርቅ ቆራጩ ስልክ ጮኸ፤ አንስቶ ቆይ ልምምድ ላይ ነኝ፣ ተደብቄያለሁ ብሎ አስረዳ። አለቃችን ቢሮውን ከውስጥ ቆልፎ ጸሐፊዋ ብትለምነው፣ ብትለምነው አልከፍትም አለ። ትምህርቱ የገባው ለእሱ ብቻ ነው።

እኔና ጥቂት ሰፊዎች መጋዘኑ ውስጥ ገባን። እትዬ ልጄም አብረውን ነበሩ። ያገኙትን ሁሉ ልጄ ስለሚሉ ነው ስሙ የወጣላቸው፤ ዕድሜያቸው ካንቺ ጋር እኩል ነው። ቆለፍን፣ የጨርቅ ጥቅል በሩ ላይ ቆለልን፣ ትንፋሻችንን ዋጥን። ጋሽ ፊሽካ መጣ። አልደበደበም። ቀስ ብሎ አንኳኳና ቤቶች፣ እኔ ነኝ፣ እባካችሁ ክፈቱልኝ አለ። እትዬ ልጄ ብድግ አሉ፣ ጥቅሉን በክርናቸው ገፉና ይግቡ ብለው ከፈቱለት! ሁላችንም ሞትን። ለምን ከፈቱ ሲባሉ ሰው ደጅ አቁሞ ዝም ይባላል እንዴ፣ ደግሞ በጨዋ ደንብ ነው ያንኳኳው አሉ። አዳራሹ ሙሉ አውካካ። እኔ አልሳቅሁም። እሳቸውን ሳይ የታየሽኝ አንቺ ነሽ። ናቅኋቸው፣ እውነቴን ነው።

ያ ባሌ የተባለው ሰውዬም አንቺ ቤት ሲመጣ በጨዋ ደንብ ነዋ የሚያንኳኳው። ሽጉጡን ከሳህኔ አጠገብ አስቀምጦ የትም ብትገቢ አገኝሻለሁ እንዳለኝ ስነግርሽ፣ ወንድ ሲቆጣ የሚለው አያጣም፣ ባልሽ አይደል ወይ ነበር መልስሽ። ጥዬው ከወጣሁ በኋላ ቧንቧሽን ጠገነልሽ፣ መድኃኒትሽን ገዝቶ አመጣልሽ፣ እግርሽ ላይ ወድቆ አለቀሰልሽ። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽም? ከሳ፣ ተጎሳቆለ፣ ተጸጸተ ትይኛለሽ። እኔ ከእሱ ጋር ስከሳ ዓይንሽ የት ነበር?

ጋሽ ፊሽካ ግን ከመሄዱ በፊት አንድ ቁም ነገር ተናገረ። ገዳይ ሁሉ በር ሰብሮ አይገባም፣ የሚዝትባችሁ ሰው ካለ አትደብቁ አለ። አልደበቅሁም። አለቃችን የቤትሽን ጣጣ ሥራ ቦታ አታምጪብኝ አለኝ። የፊት በሩ ዘበኛ የባሌን ፎቶ ስሰጠው ተቀብሎ መልከ መልካም ነው እኮ ብሎ ኪሱ ከተተው። ዝግጅታችን ይህን ያህል ነው እንግዲህ። የምስክር ወረቀቱ ግን በሚያምር ፍሬም ሱቁ ውስጥ ተሰቀለ።

ባለፈው ሰኞ ከምሳ በኋላ አረንጓዴው በር ተንኳኳ፣ ቀስ ብሎ። መጋዘን ውስጥ እኔና እትዬ ልጄ ከፋይ ጨርቅ እየለካን ነበር። ማነው አሉ እሳቸው። ቤቶች፣ እኔ ነኝ፣ ከእናቷ መልእክት ይዤላት ነው አለና በስሜ ጠራኝ። የባሌን ድምፅ ስሰማ ያ ሁሉ ትምህርት ብን ብሎ ጠፋ። እትዬ ልጄ ፊቴን አዩ። መቀርቀሪያውን ወረወሩበት፣ እኔን ጎትተው ከጥቅሎቹ ጀርባ ጣሉኝ፣ ስልኬን ከእጄ ነጥቀው ድምፁን ዘጉት። እሱ ለመነ፣ ከዚያ ተሳደበ፣ ከዚያ ተኮሰ። አንዷ ጥይት ሌላ ጥቅል ሊያስደግፉ የተነሱትን የእትዬ ልጄን ክንድ መታች። የጎረቤት ጋራዥ ሠራተኞች ከኋላው ደርሰው ባይዙት ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ አይኖርም ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ አለቃችን ሁሉም ካለቀ በኋላ ከቢሮው ወጥቶ መጀመሪያ የጠየቀው ከፋዩ ተበሳ ወይ ብሎ ነው።

እትዬ ልጄ ይድናሉ፣ አጥንት አልነካም። ትናንት ሆስፒታል አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ደህነኛውን እጃቸውን ይዤ ቆየሁ። እንዲያው ልጄ፣ ስለዚያ በር ማን ነገረው፣ ደንበኛ እንኳ አያውቀውም እኮ አሉኝ።

አላውቅም አልኳቸው።

እናትሽ ሲሰሙ እንዳይደነግጡ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው አሉኝ። ይኸው ቀስ ብዬ ነገርኩሽ።

ፖስታው ላይ አድራሻ ብታጪ ረስቼው አይደለም። ይህ ሲደርስሽ ቤትም ሥራም ቀይሬያለሁ። ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ደጅሽን ይጠብቅልሽ።

ልጅሽ