ወንድሜን የቢሮ ሠራተኛ ያደረገው ማን ነው?

ለክቡር የመድን ድርጅቱ የካሳ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት አጥብቄ እመኛለሁ። ምኞቴ የአፍ አይደለም፤ በእናንተ አሠራር መታመምም ሆነ መሞት አስቀድሞ በአግባቡ የተሞላ ቅጽ እንደሚፈልግ ከተማርኩ ወዲህ፣ ለማንም ሰው፣ ለጠላቴም ቢሆን፣ ከጤና በቀር ሌላ አልመኝም።

እኔ የዛሬ ዘጠኝ ወር በአንድ የጫማ መደብር ግንባር ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሲሰቅል ከአራተኛ ፎቅ ወድቆ የሞተው ሰው ታላቅ ወንድም ነኝ። የሥራ ጓደኞቹ «ድመቱ» ይሉት ነበር። ቅጻችሁ ለቅጽል ስም ቦታ የለውም እንጂ፣ ቢኖረው ኖሮ የእናንተም ሰው ምን ሠራተኛ እንደሆነ ሳይጠረጥር አይቀርም ነበር። ለባለቤቱ በጻፉላት ደብዳቤ፣ ሟች ሥራውን «የቢሮ ሠራተኛ» ብሎ በማስመዝገብ ሆን ብሎ ድርጅቱን ስላታለለ የሕይወት መድን ውሉ ፈርሷል፣ ለቤተሰቡም የሚከፈል ነገር የለም ብለዋታል። ደብዳቤው በጥሩ ወረቀት ላይ የተጻፈ፣ ማኅተሙም ያልተንሻፈፈ በመሆኑ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ያለ ተራ ቁጥር የቀረበ ነገር እናንተ ዘንድ እንደማይነበብ ሰምቻለሁና።

1ኛ. ስለ ቅልጥፍናችሁ ምስጋና ይድረሳችሁ። ወንድሜ በሕይወት ሳለ አምስት ዓመት ሙሉ አረቦኑን በየወሩ ስትቀበሉት፣ ምን ሠርተህ አመጣኸው ያለው አንድም ሰው አልነበረም። በሞተ በዘጠነኛው ቀን ግን መርማሪያችሁ የሥራ ቦታው ድረስ ሄዶ፣ የወጣበትን መሰላል ፎቶ አንስቶ፣ ጓደኞቹን አንድ በአንድ አነጋግሮ፣ ስለ ሥራው ከእኛ ከቤተሰቦቹ በላይ አውቆ ተመለሰ። ሰው የሚታወቀው ሲሞት ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ በዚህ ፍጥነት መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

2ኛ. ስለ ሽያጭ ወኪላችሁ። ይህ ትሑት ጎልማሳ በምሳ ሰዓት እኔ የምሠራበት ቢሮ ድረስ መጥቶ፣ የጠረጴዛዬ ጥግ ላይ ሁለት ቅጽ ዘረጋ፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለወንድሜ። ወንድሜ የሥራ ቱታውን እንደለበሰ፣ ቀለም የነካውን ጫማ ወንበሩ ሥር ሸሸግ አድርጎ ተቀምጧል። ወኪላችሁ ከላይ እስከ ታች አየውና «ጋሼ፣ ከፍታ ላይ ለሚሠራ ሰው ሌላ ቅጽ አለ፤ የሐኪም ወረቀት፣ የአሠሪ ደብዳቤ፣ ብዙ ጣጣ አለው፤ አረቦኑም ከፍ ይላል» አለኝ። ቀጠለና «ዋናው መግባቱ ነው» ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አልዋሽበትም፣ እንዲህ ብለህ ጻፍ አላለኝም። በመስኮቱ ምን ሲያይ እንደቆየ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ የጎረቤት ግድግዳ እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር የለውም።

3ኛ. ስለ ሰሌዳችሁ። ከመሥሪያ ቤታችሁ ግንባር ላይ «ቤተሰብዎ ቤተሰባችን ነው» የሚለውን ትልቅ ሰሌዳ የሰቀለው ወንድሜ ነው። ከእናንተ ጋር በተዋዋለ በሁለተኛው ዓመት፣ ሦስት ቀን ሙሉ በገመድ ታስሮ በእርስዎ መስኮት ፊት ለፊት ሲወዛወዝ ሰንብቷል፤ የድካሙንም ዋጋ የከፈለው የእናንተው ገንዘብ ቤት ነው። አንድ የቢሮ ሠራተኛ ከመስኮት ውጭ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ አልተገኘም። ሰሌዳው ዛሬም ቀጥ ብሎ ቆሟል። እባክዎ እንዳያወርዱት፤ ለማውረድም መውጣት የሚችል ሰው ያስፈልጋል።

4ኛ. አራተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ወደዚህ ላለመድረስ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ ነው። ያንን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነኝ።

መድን የሚባለውን ነገር ቤታችን ያመጣሁትም እኔ ነኝ። አንድ ባልደረባችን ሞቶ፣ ለልጆቹ የመዋጮ ፖስታ በየጠረጴዛው ሲዞር አየሁና፣ የእኛ ቤት ልጆች የሰው እጅ አያዩም ብዬ ወንድሜን ሦስት ወር ጨቀጨቅኩት። እሱ ነገሩን አልወደደውም። «ስለ ሞቴ ፈርሜ በነጋታው እንዴት አድርጌ መሰላል እወጣለሁ?» ይለኝ ነበር። አሾፍኩበት። በመጨረሻ እኔን ላለማስቀየም ሲል መጣ።

የሥራ ዓይነት የሚለው መስመር ላይ ስደርስ፣ ሆዴ እያወቀ፣ «የቢሮ ሠራተኛ» ብዬ ጻፍኩ። ምክንያቴን ቢጠይቁኝ የምሳ ሰዓቱን ማለቅ፣ የአረቦኑን መክበድ፣ የወኪላችሁን ፊት ማዞር መደርደር እችላለሁ፤ ሁሉም እውነት ነው። ካመንኩ አይቀር ግን ልመን፦ ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት። ወንድምህ ምን ይሠራል ሲሉኝ ጨዋታ የሚያስለውጠኝ፣ ለዓመታት የደበቅኩት ኀፍረት ነበረኝ። እኔ ክራባት አስሬ ስውል እሱ በገመድ ታስሮ መዋሉን አልወደውም ነበር። በዚያች መስመር ላይ ወንድሜን እኔ የምፈልገውን ሰው አደረግኩት። ከዚያ ቅጹን ገፋ አደረግኩለት።

አላነበበውም። በእኛ ቤት ታላቅ ወንድም የጻፈውን አንብቦ መፈረም ታላቅን እንደ መጠርጠር ይቆጠራል፤ እናታችን ያሳደገችን እንዲህ ነው። ወኪላችሁ እንዲያነበው ሲጋብዘው «ጋሼ ካየው ይበቃል» ብሎ ፈረመና፣ ሥራ ረፍዶብኛል ብሎ ወጣ።

ደብዳቤያችሁ ሲደርሳት የወንድሜ ሚስት እኔን አስጠርታ አነበበችልኝ። ከዚያ «ጋሼ፣ እኔንስ ይዋሸኝ፤ ልጆቹን እንዴት እንዲህ ይጫወትባቸዋል?» አለችኝ። መናገር የነበረብኝ ይህን ጊዜ ነው። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ «ምን ይደረግ፣ ሰው አይደል» አልኳት። በእኔ ጥፋት እሱን ይቅር ባይ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ወዲህ እሷ የሰው ልብስ እየሰፋች ሦስቱን ልጆች ታሳድጋለች፤ የባሏን ስም የምታነሳው ስትራገም ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ትንሿ ልጅ «አባዬ ሌባ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ተቆጣኋት። ሰው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል፤ እኔ ሙቱ ሲወቀስ ስምንት ወር ተቀምጬ ሰማሁ። አሁን መናገሬ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ መሆኑን አላጣሁትም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። «ሟች አታሏል» የሚለውን ሰርዘው፣ «የሟች ታላቅ ወንድም አታሏል፤ ወኪላችንም እያየ ዝም ብሏል» ተብሎ በዚያው በጥሩ ወረቀት፣ በዚያው ባልተንሻፈፈ ማኅተም ይጻፍላት። የክፍያውን ነገር ሕግ ይየው። ሕጉ የሚጠይቀው ሰው ካለም እኔ አለሁ፤ አድራሻዬ በራሴ ቅጽ ላይ በትክክል ተሞልቷል።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከሞትን በኋላም ቢሆን ማን እንደሆንን ለማወቅ ስለምታሳዩት ትጋት ጥልቅ አክብሮቴን እየገለጽሁ፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜና በሁሉም መስመሩ እውነት የሆነ ቅጽ እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

እውነተኛው የቢሮ ሠራተኛ፣
የሟች ታላቅ ወንድም

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎም፣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ለጋዜጣም ከመላኬ በፊት ለወንድሜ ሚስት በእጄ ሰጥቻታለሁ። በሩ ላይ እንደቆመች እስከ መጨረሻው አነበበችው። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «ስምንት ወር ሙሉ ስረግመው ተቀምጠህ ሰማኸኝ» አለች፤ ጋሼ ሳትለኝ ስታናግረኝ በአሥራ አራት ዓመት ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰኞ ጠዋት ሦስቱንም ልጆች ይዛ ቢሮዎ ትመጣለች፤ አባታቸው አታላይ ነው የሚለውን ደብዳቤ እርስዎ ራስዎ ዓይን ዓይናቸውን እያዩ እንዲያነቡላቸው ትፈልጋለች። እኔም እንድገኝ አዝዛኛለች፤ ቅጹ ሲወጣ «ይህ የእኔ እጅ ነው» ብዬ ለልጆቹ እንዳሳያቸው። እባክዎ አራት ወንበር ያዘጋጁ። ለእኔ አያስፈልግም፤ እቆማለሁ።