የነጯ መኪና ሁለተኛ ማጥፊያ

እሁድ፣ ጥቅምት 3

ባሌን ሻኪርን አጠብኩት፣ ጢሙን ላጨሁት፣ ሰማያዊ ሸሚዙን አለበስኩት። ቀኝ እጁን እጅጌው ውስጥ ማስገባት ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ሻይ አጠጣሁት... ግማሹ አገጩ ላይ ቀረ።

ዛሬ የሕክምናው የመጀመሪያ ቀን ነበር። ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሟ፣ እንደ ሰው ሁሉ በልጄ ስም እየጠራች፣ ያለችኝ ከጆሮዬ አይጠፋም። «ኡም ሰርመድ፣ እጃቸውም ምላሳቸውም የሚመለሱት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። እሁድ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ ያምጧቸው። እንዳያቋርጡ። ከዚያ ወዲያ የመጣው መጣ፣ የቀረው ቀረ።» ስትሮኩ የጣለው መስከረም 9 ነው። ሃያ አራት ቀን አልጋ ላይ አለቀ።

በተሽከርካሪ ወንበሩ ግቢ አወጣሁትና ነጯ መኪና ውስጥ ገባሁ። መሪ ከጨበጥኩ ስድስት ዓመቴ። «ሴት ስትነዳ ታጣቂዎች ያስቆማሉ» ብሎ የከለከለኝ እሱ ነው። እጄን ከመቀመጫው ሥር ሰድጄ የሌባ ማጥፊያዋን ከፈትኩ፤ እሷ ካልተከፈተች ቁልፍ ቢኖርም ሞተሩ አይነሳም። ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ። ደግሜ... ጠቅ። ሌላ ድምፅ የለም።

«በቃ» አለ ሻኪር። ከስትሮኩ ወዲህ አፉ ውስጥ የቀረችው ቃል እሷ ብቻ ናት። ሲጠማው በቃ፣ ሲያመው በቃ፣ ሲናደድ በቃ። የትኛው እንደሆነ በምን ልወቅ?

አንድ ታክሲ አስቆምኩ። «ወዴት ነው?» «ከድልድዩ ማዶ፣ ሆስፒታል።» መስኮቱን ዘግቶ ሄደ። ጥይትና ፍተሻ ፈርቶ ድልድዩን የሚሻገር የለም። ሚኒባስ ላይ ደግሞ እሱን ማን ያወጣልኛል?

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ባትሪው ነው ብዬ ነበር፤ ወር ሙሉ ቆማ። ጄኔሬተር የሚያስነዳው ጎረቤት ወስዶ ሞላልኝ። አስገባሁ፣ አዞርኩ። አሁን ሞተሩ ይዞራል... ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይነሳም። ባትሪው እንደገና እስኪደክም አዞርኩት።

የጎን ጎረቤቴ ኡም ነውፈል በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰፈሩን አሳበድሽው! ኡስታ ጀባርን አትጠሪም?»

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ሁለተኛው ቀንም ቀረ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ኡስታ ጀባር መጣ። መካኒክ ነው፤ ወሬ አይወድም፣ ሰላምታም አይወድም። ኮፈኑን ሳይከፍት ጠየቀኝ።

«የሌባ ማጥፊያው ተከፍቷል?»

«ከፍቻለሁ።»

«አይቆጡኝ። ከሚጠራኝ ሰው ግማሹ እሱን ረስቶ ነው።» ራሱ ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ አንድ ካንዴላ ፈታና እሳት ይረጭ እንደሆን ሊያይ ብረት ላይ አስጠግቶ «ያዙሩ!» አለኝ። አዞርኩ። «ቤንዚን አለ። እሳት የለም» አለ። እሳት የሚሰጠው ኮይሉ ሞቷል ባይ ነው። የእሷን ዕድሜ የሚሆን ኮይል ሱቅ ውስጥ የለም፤ ከወዳደቁ መኪኖች ተፈትቶ መምጣት አለበት።

«እስከ ነገ?» አልኩት።

«ወታደሮቹ መንገድ ከከፈቱ» አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

አልከፈቱም። ጠዋት ገበያው በኩል ቦምብ ፈንድቶ እስከ ማታ ሁሉም ዝግ። የሻኪርን ጣቶች አንድ በአንድ ሳጣጥፍና ስዘረጋ ዋልኩ። ሆስፒታል ሳለን ነርሷ ያሳየችኝን ያህል። ልክ እያደረግኩ ነው? ማን ያውቃል።

እሁድ፣ ጥቅምት 10

ጀባር አልመጣም። ሰርመድ ከስዊድን ደወለ።

«እማዬ፣ አባዬን አገናኚኝ እስቲ።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ያዝኩለት። «በቃ» አለ ሻኪር። «በቃ፣ በቃ፣ በቃ...» እንባው ወረደ። ልጄ ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ስልኩን ዘጋሁት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ኮይሉ መጣ። ተገጠመ። እሳት የለም! እሳቱን የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር ፈታታው፣ በብርጭቆ ወረቀት ጠራረገው፣ መልሶ ገጠመው። የለም። ፊውዞቹን ሁሉ አየ። ደህና ናቸው። ላቡ ጢሙ ላይ ይንጠባጠባል፣ ይራገማል... አንዴ መኪናዋን፣ አንዴ እናቱን።

በመጨረሻ ጀርባው ላይ ተኝቶ ከመሪው ሥር ገባ። ብዙ ቆየ።

«ኡም ሰርመድ፣ ይምጡ። ይሄን ያያሉ?» ከዋናው ሽቦ የተቀጠለች ቀጭን ሽቦ። በጥቁር ቴፕ እንዲያ ተጠቅልላ መቀጠሏ እንኳ አይታወቅም። ወደ መኪናዋ ሆድ ገብታ ትጠፋለች። «ይሄን የሠራው መካኒክ አይደለም። ሽቦ የሚያውቅ ሰው ነው።»

ሻኪር ሠላሳ ዓመት ስልክ መሥሪያ ቤት ሽቦ ሲዘረጋ ነው የኖረው።

«ሁለተኛ ማጥፊያ አለ። የት ነው?»

«አላውቅም።»

«ሚስቱ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ።»

ሽቦውን ቆርጦ በቀጥታ ላገናኘው ብሎ ነበር። እኔ ነኝ ቆይ ያልኩት። የሻኪርን ሥራ እሱ እያየ ላስቆርጥ? እጠይቀዋለሁ አልኩ። በምን አፉ ሊነግረኝ ነው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

እዚህ እንኳ ልጻፈው። ከማን እደብቃለሁ?

የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። የኡም ነውፈል ባል መኪና ከበራቸው የተሰረቀ ሰሞን። ሌቦቹ እጃቸውን በቀጥታ ከመቀመጫው ሥር ነበር የሰደዱት፤ ሰው ሁሉ የሚደብቀው እዚያው ነውና። ሻኪር ሁለት ቀን ግቢው ውስጥ ተጋድሞ ሽቦ ሲጎትት ሰነበተ። ሲጨርስ እንደ ልጅ እየፈነደቀ ወጥ ቤት መጣ።

«ሳሂራ! ነይ ላሳይሽ። ሰይጣን ራሱ አያገኘውም።»

ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቀና እንኳ አላልኩም። «አትንገረኝ።»

«ለምን?»

«ሽጉጥ ግንባሬ ላይ ቢደቅኑ እኔ መዋሸት አልችልበትም። የማላውቀውን ግን ከየት አመጣለሁ?»

ሳቀ። «ብልህ ነሽ» አለኝ። ኩራት ተሰማኝ እኮ! ከዚያ ጭራሽ ረሳሁት፤ ጀባር ሽቦዋን እስኪያሳየኝ።

እንዲህ ነው የኖርነው። ማን እንደዛተበት... አትንገረኝ። የትኛውን መንገድ እንደሚሄድ... አትንገረኝ። ወንድሙ የት እንደተደበቀ... አትንገረኝ። በዚህ ከተማ ሚስት ሁሉ ባሏን እንዲህ ነው የምትጠብቀው ብዬ ነበር።

አሁን ምላሱ እንዲመለስ መኪናዋ ታስፈልጋለች። መኪናዋ እንድትነሳ ምላሱ ያስፈልጋል። ማን ላይ ልጩህ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ጠየቅኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እንደ ፖሊስ። «ከዳሽቦርዱ ሥር ነው?» በቃ። «ከኋላ መቀመጫው?» በቃ። «ሻኪር፣ አዎ ከሆነ ዓይንህን ጨፍን።» ጨፈነ። ለሁሉም ጨፈነ! ጥያቄው ይግባው አይግባው እንኳ አላውቅም።

ኡም ነውፈልን ጠርቼ ተሸክመን ሾፌር ወንበር ላይ አስቀመጥነው። የለመደ ሰውነት ያስታውሳል ብዬ። መሪውን ሲያይ ፊቱ በራ። ቀኝ ትከሻው ተነሳ... ወዴት ሊሄድ እንደፈለገ አየሁት እኮ፣ ተነሳ፣ ተንቀጠቀጠ፣ እጁ ግን ጭኑ ላይ እንደተኛ ቀረ። በግራ እጁ ቀኝ እጁን ይመታው ጀመር። መታው፣ መታው። «በቃ! በቃ! በቃ!»

ኡም ነውፈል እያለቀሰች ወደ ቤቷ ሮጠች። ቀኝ እጁ የሚደርስበትን ቦታ ሁሉ በጣቴ ዳሰስኩ። የሬዲዮውን ዙሪያ፣ የማርሹን ቆዳ፣ የእጅ ፍሬኑን ሥር፣ ምንጣፉን። አላገኘሁም። ጥፍሬ ተሰበረ።

እሁድ፣ ጥቅምት 17

አምስተኛው... አይደለም፣ ሰባተኛው ቀን ቀረ። መቁጠርም ጠፋኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ጀባርን ጠርቼ ቁረጠው አልኩት።

ጀባር አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። አንድ ቀይ ሽቦ ከመሪው ሥር በቀጥታ ወደ ኮይሉ። ነጯ አንድ ጊዜ አሳላትና ተነሳች።  አሥር ደቂቃ! አሥራ አምስት ቀን የጠበቅኩት ለዚህ ነው?

ከመሄዱ በፊት ቀይዋን ሽቦ አሳየኝ። «ኡም ሰርመድ፣ አሁን መኪናዋ እርቃኗን ናት። የመቀመጫው ማጥፊያም አይሠራም። ማንም መጥቶ ይነዳታል። ሌላ ማጥፊያ ላስገባልዎት፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ነገ ልምጣ?»

ነገ ማክሰኞ ነው። «ነገ ሕክምና አለን። በኋላ» አልኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ሄድን! እኔ ነዳሁ። ድልድዩን እግሬን ከፍሬኑ ሳላርቅ ተሻገርኩ። ፍተሻው ላይ ያለው ወታደር ሻኪርን አይቶ «እግዜር ይማራቸው፣ እናቴ» ብሎ አሳለፈኝ።

ሻኪር ግን መንገዱን ሙሉ አላስቀመጠኝም። በግራ እጁ ዳሽቦርዱን ይደበድባል፣ ወደ መሪው ሥር ይጠቁማል፣ በቃ በቃ ይላል። አነዳዴ አልጣመውም። «ታዲያ አንተ ንዳው!» ብዬ ጮህኩበት። ወዲያው ጸጸተኝ።

መኪና ሆስፒታሉ በር ድረስ አያስገቡም፤ ፈንጂ ይፈራሉ። ሩቅ አቁሜ ወንበሩን በአቧራው ገፋሁት። የንግግር አስተማሪዋ ልጅ እግር ናት፣ ራፊፍ ትባላለች። ፋይሉን አየችና «የት ነበራችሁ እስካሁን?» አለችኝ። 

እሁድ፣ ጥቅምት 24

«ውሃ» አለ!

ራፊፍ ብርጭቆውን ከፊቱ አድርጋ አልሰጠችውም። እኔ ልሰጠው ስነሳ እጄን ያዘችኝ። «አይጨርሱላቸው። ይጠብቁ።» ጠበቅን። አንገቱ ሥር እስኪገታተር... «ው... ሃ።» አጠጣችው። አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፣ ምኑን አውቃለሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ዛሬ ራበኝ። ሳሙን ዳቦ በቴምር በላሁ፣ ሁለት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

«ሳ...» አለ። ሳሂራ ሊለኝ ነው። አላልቅ አለው እንጂ የጀመረው ስሜን ነው። ሐሙስ ይጨርሰዋል አለች ራፊፍ።

ጀባር ደወለ፤ ሐሙስ ጠዋት ለማጥፊያው ልምጣ ብሎ። ሐሙስ? እንዴት ተደርጎ! ቅዳሜ ና አልኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ነጯ የለችም።

ስንወጣ ያቆምኩበት ቦታ ላይ የዘይት ጠብታ ብቻ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ሻኪርን እየገፋሁ መንገዱን ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። እሱ ግን ቶሎ ገባው።  ግራ እጁን አንስቶ ፊቱን ሸፈነ።

የሆስፒታሉ ዘበኛ የወንድሙን መኪና ለምኖ እስከ ድልድዩ አደረሰን። ከዚያ ወዲህ እየገፋሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ፖሊስ ጣቢያ። መዝጋቢው ቀና ሳይል ይጠይቃል።

«የሌባ ማጥፊያ ነበራት?»

«ሁለት።»

«ሁለት? ታዲያ እንዴት አስነሷት?»

«እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት።»

ያን ጊዜ ቀና አለ። ከዚያ ጻፈው።

እሁድ፣ ኅዳር 8

ታክሲ የለም። አምቡላንስ ለድንገተኛ እንጂ ለሕክምና አይመላለስም አሉኝ። ራፊፍን በስልክ አገኘኋት፤ ልምምዱን እየነገረችኝ እጽፋለሁ። መብራት ሄዶ መስመሩ ተቆረጠ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ዛሬ ገባኝ። ሰሃን እያጠብኩ ሳለሁ፣ እንዲያው ድንገት። ያን ቀን ዳሽቦርዱን ሲደበድብ የነበረው ስለ አነዳዴ አልነበረም። ከመሪው ሥር ቀዩን ሽቦ አይቶ ነው። ሠላሳ ዓመት ሽቦ የሠራ ሰው ሽቦው እንደተቆረጠ በአንድ እይታ ያውቃል። ሕክምና በተመላለስንባቸው በአምስቱም ቀን ነግሮኛል። በአምስቱም ቀን ዝም በል አልኩት።

ሄጄ ነገርኩት። «አሁን ገባኝ ሻኪር። ጥፋቱ የኔ ነው። ያኔ ሽንኩርት ስከትፍም፣ ያን ቀንም።» ወደ ግድግዳው ዞረ። ማታ ሾርባውን አልበላም። ልክ ነው፣ ይቆጣ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9

ሦስት ወር ሞላ። ሐኪሟ የቆረጠችው ቀን ዛሬ ነው።

ያለው ይሄ ነው፤ በቃ፣ ውሃ፣ ሳ። ቀኝ እጁ እንደተኛ ነው። ጠዋት ሳጥበው ላየው ፈራሁ፤ ፊቱ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ቀኑን እሱ አይቆጥርም። ወይስ ይቆጥራል?

ኡም ነውፈል ምስር ይዛ መጣች። እኔ እሱ አጠገብ ተቀምጬ ሁለተኛው ማጥፊያ የት እንደነበር ስጠይቀው ደረሰች። ጎትታ ወጥ ቤት ወሰደችኝ።

«ሳሂራ፣ አበድሽ? መኪናዋ ከተሰረቀች አርባ ቀኗ። ምን ይረባሻል?»

«ምንም አይረባኝም።»

«ታዲያ ሰውየውን ለምን ታስጨንቂዋለሽ?»

«ሊነግረኝ መጥቶ ነበር። አልሰማሁትም።»

ምስሩን አስቀምጣ ሄደች።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። «ንገረኝ» አልኩት። «ማጥፊያዋን ንገረኝ። ወንድምህ የት እንደነበረም። ማን እንደዛተብህም። አትንገረኝ ያልኩህን ሁሉ፤ ቀን አለን።» አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ከንፈሩን ገጠመ፣ አንገቱ ሥር ተገታተረ። «ከ...» አለ። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። «ከ...»

ከዳሽቦርዱ? ከወንበሩ? ከበሩ? ሁሉም አፌ ላይ መጣ። አልጨረስኩለትም።

እጁን ያዝኩና ጠበቅኩ።