ስምህ ላይ የቀረው ጨርቅ

ለምወድህም ለምናደድብህም ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሳልህስ ለቀቀህ? ሐውልት የቆመለትን ሰው ስለ ሳሉ የምትጠይቅ እህት በዚህ ከተማ ከእኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም። እኔ ደህና ነኝ፤ መርፌና ክር እስካለ ምን እሆናለሁ። እማዬም ጉልበቷን ይዟት ነው እንጂ ደህና ናት። ፍራሽህን ዛሬም በየሳምንቱ አውጥታ ፀሐይ ታስመታለች። ጎረቤቶቻችን እኔን ጥግ ይዘው፣ ኧረ ተይ በያት፣ የሟች ፍራሽ እኮ ነው ይሉኛል። እሷን ደፍሮ የሚናገራት ግን የለም።

እንግዲህ ሐውልቱ ተመረቀልህ። አደባባዩ ላይ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት የተተከለ ሰፊ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከዚህ አካባቢ ወጥተው በዚያች መርከብ የሰጠሙት የባህር ኃይል መኮንኖች ስም በሙሉ ተቀርጾበታል። የአንተ ከሌሎቹ ተነጥሎ ብቻውን በግራ በኩል ጥጉን ይዟል። መርከቧ ከወደብ ስትወጣ አንተ ወርደህ እንደቀረህ የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነን። ለማንም እንዳትነግሪ፣ በተለይ ለእማዬ እያልክ ስንቴ አስማልከኝ። ከድቷል ተብለህ እንዳትታሰር፣ እሷም በሰው ፊት አንገቷን እንዳትደፋ። እሺ አልኩህ። እሺ ማለት እንዲህ እንደሚያስር ማን ነገረኝ? አንተ ከመርከቧ ወረድክ፤ እኔ ተሳፍሬ ቀረሁ።

እዚህ ስሜ "የጀግናው እህት" ሆኗል። አውቶቡስ ውስጥ ተነስተው ያስቀምጡኛል፤ መንገድ ላይ ጮክ ብዬ ከሳቅኩ ግን ዞር ብለው ያዩኛል። ለራሴ የሰፋሁት ቀይ ቀሚስ ሳጥን ውስጥ ማዕዘኑ እስኪቆረጥ ታጥፎ ተቀምጧል። እንኳን ልለብሰው፣ ሳወጣውም በሩን ቆልፌ ነው። የምሠራበት የስፌት ሱቅ ባለቤት፣ አለቃዬ ሳትቀር እኔ ስገባ ሬዲዮኑን ትቀንሳለች። ምናለ አንድ ቀን ብትረሳው!

ስለ ሾፌሩ ጽፌልህ ነበር፣ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ስለሚነዳው። እንጋባና እኔ አገር ሄደን እንኑር ይለኛል። ጥሩ ሰው ነው፤ ቀልዱ ግን አይጣል ነው፣ ተናግሮት ራሱ ብቻ ነው የሚስቀው። ለእማዬ ስለ እሱ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ልጇን ባህር በላባት የተባለችን እናት ብቻዋን ጥዬ የት እሄዳለሁ? አለመሞትህን ብታውቅ ደግሞ እሷው ራሷ ሻንጣዬን በሸከፈችልኝ። መሃል ላይ እኔ አለሁ፣ አፌ ተሰፍቶ። እሱ የማልወደው መስሎታል። ሐውልቱ እስኪመረቅ እታገሣለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ቁርጤን ንገሪኝ ብሎኛል። እውነቱን ነው። እኔም ብሆን እንዲህ አልጠብቅም ነበር።

ይሄ ሁሉ እያለ ከንቲባው ሱቃችን ድረስ መጥቶ የሐውልቱን መሸፈኛ የእህት እጅ ይስፋው አለ። አለቃዬ በደስታ ልታብድ ደረሰች። ነጭ ጨርቅ ነው፤ ላዩ ላይ ባለው ቅምቅማት ውስጥ ገመድ ያልፋል፣ ገመዱ ሲሳብ ጨርቁ እንደ መጋረጃ ወደ ግራ ይሰበሰባል። እየተናደድኩብህ ሰፋሁት። በሕይወት ላለ ሰው ከፈን የምሰፋ መሰለኝና ቶሎ ልገላገለው ብዬ መኪናውን አፈጠንኩት። ገመዱን ጥጉ ላይ ከጨርቁ ጋር አብሬ መስፋቴን አላየሁም። ሱቁ ውስጥ ስፌት የማስተምራቸው ልጆች እንዲህ ሲያደርጉ የማልለቃቸው እኔ፣ ልብ አላልኩም።

የምረቃው ዕለት ገመዱን የምትስበው እማዬ ሆነች። የማርሽ ባንዱ ነፋ፣ ንግግሩ ተንዛዛ፣ ከዚያ ሳበችው። ስሞቹ ከቀኝ እየተገለጡ መጡ፤ እናቶች የየልጃቸውን ስም ባዩ ቁጥር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ። መጨረሻው ጥግ ላይ ሲደርስ ጨርቁ ቀጥ አለ። የሁሉም ስም ተገልጦ የአንተ ብቻ እንደተሸፈነ ቀረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከንቲባው ሮጦ ቢጎትት፣ ቢጎትት፣ እምቢ አለው። ከእንግዶቹ መሃል አንድ ጡረታ የወጣ የባህር ኃይል ኮማንደር ገመዱን ሊቆርጥ ከኪሱ ሰንጢ ሲያወጣ እማዬ እጁን ያዘችው።

"ተዉት፤ የእሱ ይቆይ" አለች።

ሕዝቡ የእናት አንጀት ብሎ አነባ። እኔም አብሬ አነባሁ። ጨርቁ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ነው በዘበኛው እጅ የወረደው።

ቤት ስንገባ የመጣው ይምጣ፣ ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። አፌን ሳልከፍት ጓዳ ገባችና የታጠፈ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ይዛ ወጣች። መቼ እንደገዛችው አላውቅም። ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀምጣ የወንድ ኮት ስፊበት አለችኝ። ለማን ብዬ አልጠየቅኋትም። በልክህ የቆረጥኩት የድሮው የወረቀት ንድፍ አሁንም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ እጄን ወደዚያ ስዘረጋ ከለከለችኝ።

"እሱማ አይሆንም። በዚህ ዕድሜ ሰው ሆድ ያወጣል። ገበሩንም ወፈር አድርጊው፣ ደረቱ ብርድ አይችልም።"

ምን ያህል ላስፋው አልኳት።

"እኔ በምን አውቄ? አንቺ ታውቂያለሽ። ካላወቅሽም ትጠይቂያለሽ።"

ፍራሽህን ልታስገባ ወጣች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ፊቷን ሳታዞር፣ ሾፌሩንም ኮቱ እስኪያልቅ ይታገሥ በይው አለችኝ።

ወንድሜ፣ ይኸው ሱፉ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቷል፣ ጠመኔው እጄ ላይ ነው። የትከሻህን፣ የደረትህን፣ የወገብህን፣ የእጅጌህን ልክ ላክልኝ። በግምት አይሆንም፤ በሜትር ይሁን፣ ስትለካም ሆድህን እንዳትስብ፣ አውቅሃለሁ። እንደ ልማድህ ዝም ካልከኝ ኮቱ አይቆረጥም፤ ኮቱ ካልተቆረጠ ደግሞ እኔም ከዚች ወንበር አልነሳም።

ፈጣሪ ደረትህን ያሙቅልህ፣ የምትረግጠውን ምድር ያጽናልህ። እማዬ ሰላም በይልኝ አላለችም። ግን ይሄን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ የተጠላለፈ ክር እየፈታችልኝ ነው፤ ለማን ነው የምትጽፊው ብላም አልጠየቀችኝም።

ልክህን የምትጠብቀው
እህትህ