ከጎኔ ያለው ወንበር

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3፣ አሶሳ

የማዳበሪያ ፋብሪካው ሰዎች በመጨረሻ ተስማሙ። ከጾሬ የስደተኞች መጠለያ መጸዳጃ ቤቶች የምናነሳውን ዝቃጭ እኛ እናደርቃለን፤ እነሱ አብላልተው ለገበሬው ያቀርቡታል። ስብሰባው ላይ ሥራዬን ሁሉም አመሰገነ። ምሳ ላይ ግን ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶውን ቀረ። ሸሚዜን ሰረቅ አድርጌ አሸተትኩት። ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

ማዳበሪያውን በማሳቸው የሞከሩት የበርታው ገበሬ ሼህ ሐሚድ ሳህናቸውን ይዘው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «አንቺ ለምን ብቻሽን ትበያለሽ?» አሉኝ። አማርኛቸው ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የሚለው። ሰው ሳቀ። እኔ አላረምኳቸውም። እዚህ ሥራ ከገባሁ ወዲህ ምሳ አብሮኝ የበላ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሲነሱ «ነገም እዚህ ቁጭ በይ፣ እመጣለሁ» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። ነገ ስብሰባ የለም።