ጎመን ተራ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? አራተኛ ፎቁን ሲወጡ አሁንም ሁለተኛው ላይ ቆም ብለው «መንገዱን እያየሁ ነው» ይላሉ? የየካ አባዶ ብርድስ እንዴት ይዞዎታል? እኔም የልጅ ልጅዎ ፍሬም እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ከቡልቡላ እርስዎ ጋ ለመድረስ ሦስት ታክሲ ስለሆነብኝ ነው የጻፍኩት ብዬ ልዋሽዎት ነበር። እውነቱ ፊትዎን እያየሁ መናገር ስላቃተኝ ነው። በስልክ እንዳልነግርዎት ደግሞ ያ የፋብሪካው ቆዳ የሚያገላብጥ ትልቅ በርሜል ጆሮዎን ይዞት ቀርቷል፤ እየጮህኩ ባወራዎት ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ ቦሌ መድኃኔዓለም ሥራ ቦታዋ ድረስ ሄጄ ለጎረቤትዎ ለአስማ ሰጠኋት። አላነበበችውም።

ደብዳቤ ሲደርስዎት መጨረሻውን አይተው ነው ወደ መጀመሪያው የሚመለሱት። ይሄን ግን እባክዎ ከላይ ጀምረው ያንብቡልኝ።

አዲሱን መንደር የምንሠራበት የድሮው ቆዳ ፋብሪካችሁ እንዴት እንደነበር ያውቃሉ። አሥራ ስድስት ዓመት ተዘግቶ አሞራ ሲያርፍበት የኖረ ግቢ ነው። የፈረሰው ጡብ ተጠርጎ ለአዲሶቹ ቤቶች እየዋለ ነው። መብራቱ ከፀሐይ፣ መኪና ከበር ውጭ፤ የዝናቡም ውሃ ከጣራ ወርዶ ጓሮውን እንዲያጠጣ ነው የታሰበው። አለቃዬ ዓለምሰገድ እንግዳ በመጣ ቁጥር «አረንጓዴ መንደር ማለት ይሄ ነው» ይላል። እኔም አምኜበታለሁ፤ አሁንም አምንበታለሁ። የቡልቡላ ገበሬ የቀረችውን እርሻ ከምንወስድበት የሞተውን ግቢ ብናስነሳ ይሻላል።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ የቦታውን ታሪክ የቀድሞ ሠራተኞችን ስንጠይቅ፣ እርስዎን የጠየቅሁዎት እኔው ነበርኩ። ከጀርባ በኩል ወደ ወንዙ የሚያዘቀዝቀው መሬት ምን ነበር ስልዎት «ጎመን ተራ» አሉኝ። ሌላ አልጠየቅሁም። ስሙን ከልጅነቴ አውቀው የለ? እማዬ፣ አፈሩ ይቅለላትና፣ የት እንዳሉ ስጠይቃት «አባትሽ ዛሬ ጎመን ተራ ነው» ትለኝ ነበር። ቦት ጫማዎን በር ላይ ስታጥበው አረንጓዴ ውሃ ይወርድ ነበር፤ ፋብሪካው ጎመን የሚተከልበት ጓሮ ያለው ይመስለኝ ነበር። እንግዲህ ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ይሄን ስም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ እየኮራሁ፣ ቅጹ ላይ «የቀድሞ አገልግሎት፦ የአትክልት ቦታ» ብዬ ሞላሁ። የአትክልት ቦታ ምን ይመረመራል ተብሎ አፈሩ ሳይመረመር ታለፈ። የጋራው ጓሮ እዚያ ሆነ፤ ከጎኑ ደግሞ ለእናንተ ለቀድሞ ሠራተኞቹ የተመደቡት ሠላሳ ስድስት ቤቶች።

መረጃ ሰጪ ሆነው ከመፈረምዎ በፊት ቅጹን ሁለቴ አነበቡት። መነጽርዎን አውልቀው ጠረጉና «ይሄን ብቻ ነው የጻፍሽው?» አሉኝ። ጎበዝ ሊሉኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ፈረሙ።

በክረምቱ ለሙከራ ሁለት መደብ ጎመን ተከልን። ቅጠሉ ሰፊ፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ ነበር። መስከረም ላይ ፌስታል ሙሉ ይዤ ከፍሬ ጋር መጣሁ። ከጎመን ተራ ነው አልኩዎት። ፍሬ አንዷን ቅጠል ገንጥላ ወደ አፏ ስታስጠጋ እጇን ቸብ አደረጓት፤ «አልታጠበም» አሉ። እኔን አንድ ቀን እንኳ መትተውኝ አያውቁም። ቀቅዬ ላቅርብልዎት ስል «ጥርሴን አሞኛል» አሉኝ፤ ስንወጣ ግን የሽንብራ ቆሎ እየቆረጠሙ ነው የሸኙን። ከመጣልዎት ነገር ሁሉ ግማሹን ለአስማ ሳይሰጡ አይውሉም። ያንን ጎመን በሳምንቱ ስመጣ በረንዳው ላይ ከነፌስታሉ ጠውልጎ አገኘሁት። ያኔ ልብ አላልኩትም፤ አርጅተው ረሱት ብዬ እንዲያውም ሳቅሁብዎት።

ጥቅምት ላይ ጋሽ ሰዓድ ጥበቃ ሆነው ተቀጠሩ፤ አብረዎት የሠሩት፣ ድሬዳዋ ልጃቸው ጋ የነበሩት። መደቡን ሲያዩ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ጎመን ተራ ላይ ጎመን አበቀላችሁ?» አሉኝ። ቆዳው ከሚለፋበት ኬሚካል የሚተርፈው ጭቃ አረንጓዴ ስለነበር ሠራተኛው በቀልድ ጎመን ይለው እንደነበር፣ በትራክተር እየተጫነም እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይደፋ እንደነበር ነገሩኝ። ትራክተሩን ማን ነበር የሚነዳው ብዬ ስጠይቃቸው ሳቃቸውን አቋረጡ። «አባትሽን አትጠይቂም?» አሉኝ።

አፈሩንም ጎመኑንም አስመረመርኩ። ክሮም የሚባለው ነገር ከሚፈቀደው መጠን ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ፍሬ እርስዎ ቤት ያልበላችውን ጎመን እኛ ቤት በልታዋለች። ትወደዋለችና ሦስት ቀን ሙሉ ቀቅዬ አበላኋት። ሐኪም አሳይቻታለሁ፤ ለጥቂት ቀን መሆኑ በጀ፣ ምንም አይታይባትም ብሎኛል። አይጨነቁ።

ለምን ዝም እንዳሉ አይጠፋኝም። ሰው ቪላ ሠራ ሲባል «ጎመን በጤና» የሚሉ ሰው ነዎት፤ ለራስዎ ብቻ ብለው አይደለም። የቀድሞ ሠራተኞቹ ማኅበር ሰዎች ሊቀመንበር አድርገው መርጠውዎታል። እትዬ ፀሐይነሽ እንኳ ገና መሠረቱ ሳይወጣ ለአዲሱ ቤት መጋረጃ አሰፍተው አስቀምጠዋል። ቦታው የተበላሸ ነው ከተባለ ሥራው ይቀራል፣ እነዚህ ሽማግሌዎች የራሳቸውን በር ሳይከፍቱ ያልፋሉ ብለው ፈሩ። ደረጃ የሌለው የምድር ቤት እኔም ለእርስዎ ስመኘው የኖርኩት ነው። ቢሆንም አባዬ፣ ተቀይሜዎታለሁ። የጠየቅሁዎት እኮ እኔ ነበርኩ፤ ሹክ ቢሉኝ ምን ነበረበት?

ሰኞ ዕለት ሪፖርቱን አስገባሁ። የእናንተ ቤቶች ግንባታ ቆሟል። ቅዳሜ ማኅበሩ እርስዎ ቤት ሲሰበሰብ ያስቆመችውን ሴት መርገማቸው አይቀርም። ማን እንደሆነች ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙ ብዬ ነው።

ዓለምሰገድ እንደሚለው፣ ጉድጓዱ ከየት እስከ የት እንደሆነ ካልታወቀ ግቢው በሙሉ መቆፈር አለበት፤ ያ ዓመታት ይፈጃል። ድንበሩ ከታወቀ ግን እሱ ብቻ ተቆፍሮ ይወጣል፤ ቤቶቹ ወደ በሩ ጠጋ ይላሉ፣ የእትዬ ፀሐይነሽም መጋረጃ ብል ሳይበላው ይሰቀላል። ጋሽ ሰዓድን ብጠይቃቸው ወንዙ አጠገብ ነው ከማለት ሌላ አያውቁም። ድንበሩን የሚያውቀው ትራክተሩን የነዳው ሰው ነው። ሪፖርቱ ላይ «መረጃውን የሰጠው» የሚለውን መስመር ባዶ ትቼዋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት መኪና ደረጃው ሥር ይጠብቅዎታል። በእግርዎ ተራምደው ያሳዩን፤ ክንድዎን እኔ እይዛለሁ። ጭቃ ስለሆነ ቦት ጫማ አመጣልዎታለሁ፤ ስንመለስም እኔው አጥበዋለሁ።

ፍሬ ሰላም በይልኝ ብላለች። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ጥርስዎንም ይማርልኝ።

የጠየቀችዎት ልጅዎ